ከአሰላ እስከ ደሎ መና፦ ብሳና የሚከተል ሰው፣ እንቁራሪት የሚፈልግ ጓደኛ

ባሌ ልንሄድ ነው ስንል ሰው ሁሉ «ቀይ ቀበሮ ልታዩ?» ይለናል። ቀበሮውንም አይተናል፣ እመጣበታለሁ። የጉዞው ምክንያት ግን እንቁራሪት ናት። ጓደኛዬ ባዮሎጂ አስተማሪ ነው፤ ከፍጥረት ሁሉ እንቁራሪትና ጉርጥ ይወዳል። «ሀረና ጫካ ውስጥ ዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌለች እንቁራሪት አለች» እያለ ሲነዘንዘኝ ከረመና በመጨረሻ እሺ አልኩት።

እኔ የዛፍ ሰው ነኝ። እሱ ብርቅዬዋን ሲፈልግ እኔ ደግሞ ከመንገዱ ዳር ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ዛፍ ልከታተል ወሰንኩ። ብሳናን ማለቴ ነው። ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ማዳጋስካር ያለ ዛፍ ነው፤ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ለመጥፋት የሚያሰጋው ነገር የለም። እንግዲህ አንዱ በየሜዳው፣ ሌላዋ በአንድ ተራራ ብቻ። መንገዱ አንድ ስለሆነ ጎን ለጎን እያየናቸው ሄድን።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. - ከአዲስ አበባ እስከ ዲንሾ

በሻሸመኔም ይኬዳል፣ እኛ ግን በአሰላ በኩል የሚሄድ ሚኒባስ ያዝን። ሒሳቡ በሰው 1,100 ብር ነው። «ዲንሾ ነው የምንወርደው» ብንለው ረዳቱ «ዲንሾም ውረዱ ጎባ ታሪፉ የሮቤ ነው» ብሎ ዘጋን። ተከራክረን አቃተን።

እስከ አዳማ ያለውን ፈጣን መንገድ እዘለዋለሁ፣ ተኝቼ ነበር። ከአዳማ ወጥቶ ወደ አሰላ ዳገቱ ሲጀመር ነቃሁ። እዚያ ጋ ግራሩ እየሳሳ ይሄድና ብሳናው ብቅ ብቅ ይላል። በየማሳው ድንበር፣ በየቤቱ አጥር፣ በየወንዙ ዳር አለ። ከሩቅ መለየት ቀላል ነው፤ ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው፣ ነፋስ ሲገለብጠው ጀርባው ነጣ ይላል፣ ሊረግፍ ያለው ቅጠል ደግሞ ብርቱካንማ ሆኖ ከአረንጓዴው መሃል ጎልቶ ይታያል። ገበሬ ማሳው ውስጥ የሚተወው ያለ ምክንያት አይደለም። የረገፈው ቅጠል ቶሎ ይበሰብስና መሬቱን ያለማል።

አሰላ ላይ ቁርስ ፍርፍር በላን፣ 180 ብር። ቡናው በስኒ 25 ብር ነው። ሰፈሬ 50 የገባውን ቡና አስቤ ሁለተኛ ደገምኩ።

ደራርቱንና ቀነኒሳን ያፈራችው በቆጂ ስንደርስ ብሳናው ጠፋ። ከፍታው በዛበት። ከዚያ በኋላ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባሕር ዛፍ፣ እንደገና ስንዴ። ጓደኛዬ «ዛፍህ ብርድ ፈሪ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። አዳባን አልፈን ዲንሾ ስንወርድ ዝናቡ በጎን ይመታ ነበር። ያደርንበት ቤት አልጋው 500 ብር ሲሆን ሙቅ ውሃ አለ ተብለን ነበር፤ ሙቅ ውሃው በጀሪካን የመጣ የሻይ ውሃ ሆኖ ተገኘ። ለእግር መታጠቢያ በቃን። ብርድ ልብሱ ሦስት ድርብ ነው፣ እሱን አመሰግናለሁ።

እሁድ፣ ሐምሌ 6 - ዲንሾ

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚህ ነው። ፓርኩ መስከረም 2016 ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ከተማው ውስጥ ሥዕሉ በየግድግዳው ተለጥፏል። ቀበሮ አለ፣ ኒያላ አለ፣ ጅብራ አለ። እንቁራሪት ግን አንድም የለም። ጓደኛዬ ይህን ከሻይ ቤት እስከ ሱቅ ቆጥሮ ተናደደ።

መግቢያውን ከፍለን አስጎብኚ ይዘን ሳንንቀሳቀስ ጓደኛዬ ከቦርሳው ብሩሽና የበረኪና ውሃ አወጣ። ጫማችንን አስፈትጎ፣ አስነክሮ፣ አስጠበቀን። አስጎብኚው ወጣት ልጅ ነው፣ ግራ ገባው። ነገሩ እንዲህ ነው። ኪትሪድ የሚባል ፈንገስ አለ፤ በውሃና በጭቃ ይተላለፋል። እንቁራሪት ውሃ የምትጠጣው በቆዳዋ ነው፣ ከፊል ትንፋሿም በቆዳዋ ነው። ፈንገሱ ቆዳዋን ሲይዝ በደሟ ያለው ጨው ይዛባና ልቧ ይቆማል። በሌላው ዓለም ብዙ ዝርያ ጨርሷል። ባሌ ውስጥም በተለያዩ እንቁራሪቶች ላይ ተገኝቷል፣ በሱ ምክንያት የሞተች ግን ያየ የለም። «ስለዚህ እኛ አናመጣባቸውም» አለ ጓደኛዬ፣ ብሩሹን እያራገፈ።

ኒያላዎቹ ግቢው ዳር ቆመው ያዩናል፣ ሰው አይፈሩም። ወንዱ ቀንዱ ጠመዝማዛ፣ ግርማው የሚያስደነግጥ ነው። እኔ ፎቶ ሳነሳ ጓደኛዬ ረግረጉ ውስጥ ተንበርክኮ ነበር። ሣሩ መሃል ዘላ የወጣች አረንጓዴ እንቁራሪት አሳየኝ። «ይቺ ብዙ ናት፣ አትጓጓ» አለኝ። እንቁራሪትን ከእንቁራሪት ሲያበላልጥ ገረመኝ። ብሳና የለም፣ እዚህ ከ3,000 ሜትር በላይ ነን።

ከሰዓት ወደ ጎባ አለፍን። እራት ላይ ጩኮ ቀረበልን፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው። ትንሽ ይበቃል ተብዬ ብዙ በላሁ፤ እስከ ነጋታው ቀትር አልራበኝም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7 - ጎባ፣ ሳነቴ፣ ሪራ

ከጎባ እስከ ደሎ መና ወደ 110 ኪሎ ሜትር ነው። በሕዝብ መኪና ይኬዳል፣ ግን እንደፈለጉ አይቆምም። ላንድክሩዘር በኮንትራት በቀን 9,000 ብር ያዝን። ኪሴን አሳዘነኝ፣ ሌላ አማራጭ ግን አልነበረም።

የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ላይ ጉም ተከናንቦ ነበር፣ አላየነውም። መሬቱ ድንጋይ፣ አጭር ቁጥቋጦና ኩሬ ነው፤ ጅብራው ብቻውን ተገትሮ ቆሟል። ቀበሮዋን ከመንገዱ ብዙም ሳንርቅ አየናት። አፏን ወደ ጉድጓድ ደፍታ ትልቁን የባሌ ፍልፈል ትጠብቃለች። ይህ ፍልፈልም ከባሌ ውጭ የለም። ሾፌራችን «አሁን በቃችሁ?» አለን፣ እንግዳ ሁሉ እሷን አይቶ ስለሚመለስ።

ትንሽ እንደሄድን ጎማ ተነፈሰ። ስኮርታው ወርዶ ሲታይ ግማሽ አየር ብቻ ነው ያለው። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። አንድ አይሱዙ ከደሎ መና በኩል መጥቶ ቆመና ሾፌሩ በራሱ መንፊያ ሞላልን። ሒሳብ ብንሰጠው «መንገድ ላይ ነን እኮ» ብሎ ተቆጣን። አዲስ አበባ ውስጥ ጎማ ተንፍሶብኝ የደረሰብኝን ጥሩንባ አስታወስኩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጓደኛዬ ድንጋይ እያነሳ፣ አይቶ፣ በቦታው እየመለሰ ነበር። የሚፈልገው የማልኮምን ጉርጥ ነው፤ በሳይንስ ስሙ አልቲፍሪኖይደስ ማልኮሚ። ትንሽ ናት። ጉርጥ ሲባል ኩሬ ውስጥ እንቁላል ጥሎ ጭራ ያለው፣ የሚዋኝ እጭ የሚፈለፍል ይመስለናል። ይቺ ግን እንቁላሏን እርጥብ መሬት ላይ ትጥላለች፣ ልጆቿም ውሃ ውስጥ ሳይገቡ ያድጋሉ። ለዚህ ብርድ የሚሆን ዘዴ ነው። ግን መሬቱ ከደረቀ ወይም ከተረገጠ ሁሉም ነገር አለቀ። አላገኘንም።

ከዚያ አምባው ድንገት ያልቃል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ከሥር ሀረና እንደ ባሕር ተዘርግቷል። መጀመሪያ አስታ ነው። አዲስ አበባ አካባቢ አስታ ስንል ጉልበት የማይደርስ ቁጥቋጦ ነው የምናስበው፤ እዚህ ዛፍ ሆኗል፤ ግንዱ በሽበት፣ ማለትም በእርጥበት ዛፍና ድንጋይ ላይ በሚበቅለው ለስላሳ ተክል፣ ተሸፍኖ ዕድሜው የገፋ ሽማግሌ ይመስላል። ቀጥሎ ኮሶ ይመጣል፣ ከዚያ ቀርከሃ። እርጥበቱ ልብስ ውስጥ ይገባል። በሕይወቴ ካየሁት መንገድ ሁሉ ይህ ቁልቁለት ይበልጥብኛል፤ ሾፌሩን አሥር ጊዜ አስቁሜዋለሁ ብል አላጋነንኩም።

ሪራ መንደር የደረስነው ሲመሽ ነው። ያስተናገዱን አባወራ (ኦቦ እንላቸዋለን፣ አቶ እንደማለት ነው) እና ባለቤታቸው ከቀርከሃ በተሠራ ቤት እሳት አንድደው ጠበቁን። ወተት፣ ማር፣ ትኩስ ቂጣ። ለማደሪያና ለእራት በሰው 400 ብር ተስማምተን ነበር፤ ማሩን ግን ሒሳብ ውስጥ አናስገባም አሉ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8 - የደኑ የላይኛው ጠርዝ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ለእንቁራሪት ጥሩ ነው ተብሎ ተነግሮኝ ነበር፣ ለእኔ ግን አልነበረም።

ወደ ላይ ተመልሰን አስታውና ኮሶው የሚገናኙበት ጋ ወጣን። ጓደኛዬ የሚፈልጋቸው ሁለት ናቸው። አንዷ ባሌብሬቪሴፕስ ሂልማኒ ትባላለች፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ነው ለሳይንስ የተዋወቀችው። ክብ፣ ድፍን፣ አንገት አልባ የምትመስል። የደቡብ አፍሪካ ዘመዶቿ አፈር ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ፣ የሚዋኝ እጭ የሚባል ደረጃ የላቸውም፣ ከእንቁላሉ ትንሽዬ እንቁራሪት ናት የምትወጣው። ሌላዋ ኤሪካባትራከስ ባሌንሲስ ናት፤ በ1991 እ.ኤ.አ. የተመዘገበች፣ ከጠባብ ምንጮች ዳር የማትርቅ፣ አውራ ጣት ጥፍር ላይ ለመቀመጥ ትንሽ የሚቀራት። ሁለቱም በዓለም ላይ በባሌ ብቻ ነው ያሉት። ሁለቱም እጅግ አደገኛ በሚባለው የመጥፋት ደረጃ ላይ ናቸው። ዘመዶቻቸው ሩቅ ናቸው፤ እያንዳንዷ ለወገኗ ብቸኛ ናት። አንዷ ብትጠፋ ሙሉ የቤተሰብ ቅርንጫፍ ነው የሚቆረጠው።

ከ1971 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ባሌን 15 ጊዜ ተመላልሰው አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ፍለጋ ስንት እንቁራሪት እንደሚያገኝ መዝግበዋል። ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ወጣ። ኤሪካባትራከስ መጀመሪያ ከተገኘችበት ቦታ የጠፋች ይመስላል። እዚያው ቦታ ባሌብሬቪሴፕስም ቀንሳለች። ምክንያቱ የመኖሪያ መጎዳት ነው፤ ሰው በዝቷል፣ ደኑ ሳስቷል።

ይህን ወረቀት ላይ ያነበበውን ጓደኛዬ መሬት ላይ አሳየኝ። ጠባብ ምንጭ ነው፣ በአንድ እርምጃ ይታለፋል። አንዱ ዳር ወፍራም ሽበት፣ ጥላ፣ ቀዝቃዛ ውሃ። ሃያ እርምጃ ዝቅ ብሎ ደግሞ ከብት የጠጣበት ነው፤ ዳሩ ተረግጦ ጭቃ ሆኗል፣ ከላይ ያለው አስታ ለማገዶ ተቆርጦ ፀሐይ ይገባበታል። ቴርሞሜትር አያስፈልግም፣ እጄን ከትቼ ልዩነቱ ተሰማኝ። «ለእሷ ይሄ በረሃ ነው» አለኝ። ከአንድ ምንጭ ወደ ሌላው ለመሻገር በዚህ ግልጥ ሜዳ ማለፍ አለባት። በቀጭን ቆዳዋ ከደረቅ ቦታ አታልፍም።

እስኪመሽ ፈለግን፣ ከመሸም በባትሪ። ግንድ ሥር፣ ሽበት ውስጥ፣ ድንጋይ ዳር። አንዲት የዛፍ እንቁራሪት ቅጠል ላይ ተቀምጣ አገኘን፤ ቆንጆ ናት፣ ግን የምንፈልጋት አይደለችም። ጓደኛዬ ሳይነካት ፎቶ አነሳት። ሁለቱን አላየናቸውም። እሱ «አለማየት የለም ማለት አይደለም» አለና ለረጅም ሰዓት ምንም አልተናገረም።

እሳት ዳር ስንደርስ ኦቦ ጠየቁን። «ያቺ እንቁራሪት ምን ትጠቅማለች?» ጓደኛዬ ነፍሳት ትበላለች፣ ውሃው ንጹሕ መሆኑን ትመሰክራለች አለ። እሳቸው አልረኩም። «ነፍሳት ወፍም ይበላል። ውሃውን እኔ ራሴ አየዋለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ያንተ ዛፍ ይሻላል። መካኒሳ ጭርት ያድናል፣ ንብ ይወደዋል፣ ቢቆረጥ ተመልሶ ይበቅላል።» መካኒሳ ብሳና ነው። ክርክሩን ያለ ልፋት አሸነፍኩ፣ ግን ደስ አላለኝም። እንቁራሪቷን በጥቅም ከለካናት መቼም አታሸንፍም፣ ሚዛኑ የተሠራው ለዛፍ ነው።

ባለቤታቸው ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው ከብቶቹን አነሱ። በጎደንቱ፣ ማለትም እንደ ወቅቱ ከብት ከቆላ ወደ ደጋ በሚወጣበት ጊዜ፣ ድሮ ከብቱ ያርፍና ይሄድ ነበር፤ አሁን ግን ብዙው እዚያው ከርሞ ይቀራል አሉ። ምንጩ ዳር ያየነውን ጭቃ ከጥናቱ ይልቅ እሳቸው አስረዱኝ። ከዚያ ደግሞ «የሚሄድበት ስላጣ ነው» ብለው ጨመሩ። ቆላው ታርሷልና። እንግዲህ ማንን ትወቅሳለህ?

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9 - ደሎ መና

ከሪራ ወደታች መንገዱ ጭቃ ነው። አንድ ቦታ ተይዘን የመንደር ልጆች በ300 ብር ገፍተው አወጡን። ዋጋውን ከመግፋታቸው በፊት ነው የተስማሙት፣ ብልሆች ናቸው።

ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ዝግባው፣ ዶቅማው፣ ዋንዛው ይመጣል። ከዚያ ብሳናዬ! መንገዱ ሲሰፋ ተጠርጎ በተጣለ አፈር ላይ፣ ማንም ሳይተክለው፣ ቁመቱ ትከሻዬ የሚደርስ ችግኝ ተደርድሮ ቆሟል። ብሳና ብርሃን ይፈልጋል። ደን ሲከፈት መጀመሪያ ከሚደርሱት አንዱ ነው። ፍሬው ሲደርቅ ይፈነዳል፣ ዘሩ ይበተናል፣ ባዶ መሬት ካገኘ ይነሳል።

ጓደኛዬ መኪናውን አስቆመ። «አየህ? ያንተ የሚበቅልበት የኔ የምትሞትበት ነው።» እዚህ ላይ አልተስማማሁም። ብሳናው እሷ ጋ አይደርስም፣ ያለችበት ከፍታ ይበርደዋል። ደኑንም አልቆረጠም፣ ሰው ከቆረጠ በኋላ ነው የመጣው። እንዲያውም በጥላው ሥር ቀስ ብለው የሚያድጉት የደን ዛፎች ይበቅላሉ፣ ቅጠሉ አፈሩን ይመልሳል። የተጎዳ ደን እሱን አግኝቶ ነው የሚያገግመው። ልዩነታቸው ጊዜ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ብሳና ዛሬ ቢጨፈጨፍ ከጉቶው፣ ካልሆነም ከጎረቤት ማሳ በመጣ ዘር በጥቂት ዓመት ይመለሳል። የእንቁራሪቷ ምንጭ አንዴ ከደረቀ በኋላ ጥላው በሃያ ዓመት ቢመለስ እንኳ ከየት ትምጣ? ጎረቤት ማሳ የላትም። ጓደኛዬ «እሱን ነው እኮ የምልህ» አለ። የምንለው አንድ ከነበረ ለምን እንደተጨቃጨቅን አላውቅም።

የታችኛው ሀረና የጫካ ቡና አገር ነው። ቡናው ራሱን ዘርቶ በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ቆሟል፣ ከላይ ደግሞ ቀፎ ተንጠልጥሏል። አንድ ገበሬ ቤት ገብተን ቡና ቀላ ቀመስን፤ የቡና ፍሬ በቅቤ የተጠበሰ ነው፣ ፍሬውን እያኘክህ ቅቤውን ትጠጣለህ። ጓደኛዬ ደገመ፣ ለእኔ አንዱ በቃኝ። ማር በኪሎ 550 ብር ገዛን። አዲስ አበባ 900 የምንለው፣ እሱም ስኳር ይኑረው አይኑረው ሳናውቅ ነው። ገበሬው ጥላ እንዲሆነው ብሳናውን ይተወዋል፣ ንቡም አበባው ላይ ይሠራል። እዚህ ዛፍ የሚያቆመው ጥቅሙ ነው፤ ቡና እስካለ ጥላ ይኖራል። ከላይ ያለው አስታ ግን ቡና አያበቅልም፣ ጠበቃውም ያንኑ ያህል ጥቂት ነው።

ደሎ መና ስንገባ ሰማዩ ጥርት፣ ፀሐዩ ግንባር የሚመታ፣ ግመል መንገድ የሚዘጋበት ከተማ ነው። ጠዋት ጃኬት ለብሶ ከወጣ ሰው ከሰዓት በቲሸርት መቀመጥ ይከብዳል። ሀብሐብ ቁራጩ 20 ብር ነው፣ ለሁለት ስንት እንደበላን አልናገርም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10 - መልስ

በዚያው መንገድ ተመለስን። ሳነቴ ላይ በረዶ ዘነበ። ጎማው አልተነፈሰም፣ ጎባ ላይ ጎሚስታ አስተካክሎልን አደርን። ጓደኛዬ ጥቅምት ላይ ሊመለስ ነው፤ ዝናቡ ሳይቆም፣ ከእኔ ያነሰ የሚያወራ ሰው ይዞ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ጥሬ ገንዘብ ጎባ ላይ ያዙ፣ ከዚያ ወዲያ በስልክ መክፈል በኔትወርኩ ፈቃድ ነው። በክረምት ከሄዳችሁ ቦቲ ጫማ፣ ለሳነቴ ጓንት። ስኮርታውን ራሳችሁ ረግጣችሁ ፈትሹ። የእግር ጉዞ ካላችሁ አስጎብኚ ከዲንሾ ወይም ከሪራ ያዙ፣ ገንዘቡ እዚያው ይቀራል። ምንጭ አጠገብ ከመድረሳችሁ በፊት ደግሞ ጫማችሁን በብሩሽ ፈትጋችሁ በበረኪና ውሃ ንከሩ፣ በደንብ ይድረቅ። ድንጋይ ወይም ግንድ ካነሳችሁ እንደነበረ መልሱ። እንቁራሪት ብታገኙ አትንኳት፣ ከላይም ከጎንም ፎቶ አንሱና አስጎብኚውን አሳዩት።